ሙያ በልብ ብቻ ነውን?

ስለ ሥራ ክህሎትና ስለ ድርጅት ዋና ብቃት የቀረበ ትምህርት

ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ በሚያመራው አሮጌው የባቡር መስመር ላይ፣ ከሁርሶ ቀጥላ ከጎታም ቀድማ፣ ኤረር የተባለች ከተማ ትገኛለች። በሶማሌ ክልል በሲቲ ዞን ያለችውን የባቡሩን ኤረር ማለታችን ነው እንጂ በሐረርና በባቢሌ መካከል የሚዘረጋውን የኤረር ሸለቆ አይደለም፤ ስማቸው አንድ በመሆኑ ከሩቅ ያለ ሰው ስለሚያምታታቸው አስቀድሞ መለየቱ አይከፋም። ኤረር በፍል ውሃዋና በፍራፍሬዋ ትታወቃለች። ባቡሩ ይመላለስ በነበረበት ዘመን በመስኮት ተንጠራርቶ ብርቱካን የገዛባት መንገደኛ እስከ ዛሬ አይረሳትም።

በዚህች ከተማ ከአንድ ወጣት ጋር ተቀምጠን ስንጫወት ሙያው ምን እንደ ሆነ ጠየቅነው። «ሙያ የለኝም» አለን ቁርጥ ባለ ቃል። ወደ ጅቡቲ ለመሄድ፣ ከዚያም ባሕሩን ለመሻገር እንዳሰበ የነገረንም ከዚሁ ጋር አያይዞ ነበር። ጨዋታው እየረዘመ ሲሄድ ግን ሌላ ነገር ሰማን። የጓሮ አትክልት ማጠጫ ሞተር ሲበላሽ የሚጠራው እርሱ ነው። ሶማልኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ አቀላጥፎ ይናገራል። የጎረቤቶቹን ፓፓያ ቆጥሮ ይረከባል፤ መንገድ የሚችለውን ከማይችለው ለይቶ በሣጥን ይደረድራል፤ ወደ ድሬዳዋ ይልካል፤ የየሰዉን ሒሳብ በደብተር ይይዛል። ይህን ሁሉ እያደረገ «ሙያ የለኝም» ሲለን አልዋሸንም። ወረቀት የለኝም፣ ደመወዝም አልቈርጥም ማለቱ ነበር።

እንግዲህ የዚህ ትምህርት መነሻ የወጣቱ መልስ ነው። ሰው ያለውን ክህሎት እንዴት ያውቃል? የብዙ ሰዎች ክህሎትስ ተሰባስቦ የአንድ ድርጅት ወይም የአንድ ማኅበር ኃይል የሚሆነው እንዴት ነው? ይህን ስንጠይቅ በከተማዋ መካከል የሚያልፈው ሐዲድ ራሱ ብዙ ያስተምረናል።

ቃላቱን ለይቶ ስለ ማወቅ

በቋንቋችን ሙያ፣ ክህሎትና ብቃት የሚሉት ቃላት ብዙ ጊዜ አንዱ በሌላው ቦታ ይነገራሉ። ለትምህርታችን ያህል ግን ብንለያቸው ይጠቅማል። ክህሎት፣ አንድ ሰው በትምህርትም ይሁን በልምምድ ያገኘው፣ አንድን ተግባር የመፈጸም ችሎታ ነው፤ ብረት መበየድ፣ ሒሳብ መያዝ፣ ሞተር ፈትቶ መግጠም የመሳሰለው። ብቃት ደግሞ ይህንኑ ክህሎት ከዕውቀትና ከመልካም ጠባይ ጋር አስተባብሮ፣ በተወሰነለት ጊዜና በሚፈለገው ጥራት ደጋግሞ መሥራት መቻል ነው። አንድ ቀን ሞተር አስነሥቶ በማግሥቱ ያቃተው ሰው ክህሎት አልጎደለው ይሆናል፤ ብቁ የሚባለው ግን ሰኞም ቅዳሜም፣ ባለቤቱ አጠገቡ ቢቆምም ባይቆምም፣ ሥራውን እኩል የሚሠራ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው የሀገራችን የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ የቆመው በዚህ የብቃት አስተሳሰብ ላይ ነው። ሠልጣኙ ስንት ዓመት ተማረ ከሚለው ይልቅ ምን መሥራት ይችላል የሚለውን ያስቀድማል። ወጣቶቻችን «ሲኦሲ» እያሉ የሚጠሩት የብቃት ምዘናም ከዚሁ የመጣ ነው። ከሁሉ በላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ በመደበኛ ትምህርት ቤት ሳያልፍ ሙያውን በልምድ የያዘ ሰውም ለምዘናው መቅረብ እንዲችል መታሰቡ ነው። ለኤረሩ ወጣት ይህን ስንነግረው ከዚያ በፊት ሰምቶት አያውቅም ነበር። በየቁምስናው የምታገለግሉ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን፣ ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ይህችን አንዲት ነገር ለወጣቶቻችሁ ሳትነግሩ እንዳታልፉ አደራ እንላለን።

ክህሎት ሲባል አእምሯችን ወዲያው ወደ እጅ ሥራ ይሄዳል። ነገር ግን በእጅ የማይዳሰሱ፣ ሰው ከአንድ ሥራ ወደ ሌላ ሥራ ሲሄድ ይዟቸው የሚሄዳቸው ክህሎቶችም አሉ፤ ሰዓት ማክበር፣ ማዳመጥ፣ የሰሙትን በትክክል መመለስ፣ መጻፍ፣ ከማይመስሉት ሰው ጋር ተስማምቶ መሥራት። እነዚህን «ለስላሳ» ብለው የሚጠሯቸው አሉ፤ እኛ ግን ስሙ አይስማማንም፤ ምክንያቱም እነርሱ ሲጎድሉ የሚደርሰው ጉዳት ለስላሳ አይደለም።

ለምሳሌ የባቡር ጣቢያ ኃላፊን ሥራ እንመልከት። አሮጌው መስመር ነጠላ ሐዲድ ነበረ። ከድሬዳዋ የሚመጣውና ከአዲስ አበባ የሚወርደው ባቡር ሊተላለፉ የሚችሉት በጣቢያ ላይ፣ አንዱ ለሌላው መንገድ ለቅቆ ሲጠብቅ ብቻ ነው። በእንዲህ ያለ መስመር የጣቢያው ኃላፊ ቀጥሎ ያለው መንገድ ነጻ መሆኑን ከጎረቤት ጣቢያ ሳያረጋግጥ ባቡር ሊያሳልፍ አይችልም። ሎኮሞቲቭ አይነዳም፤ ብረት አያቀልጥም። ሥራው መጠየቅ፣ ማዳመጥ፣ የሰማውን መልሶ መናገርና ሰዓቱን መጻፍ ነው። በመቶ የሚቈጠር ሰው ሕይወት ግን በዚህች «ለስላሳ» ክህሎት ላይ ተንጠልጥሎ ያልፍ ነበር።

ከሐዲዱ የምንማረው

የባቡሩን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ስለዚህ በአጭሩ እናስታውሰው። ዐፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃዱን ሰጡ። ሥራው በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ተጀምሮ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደረሰ፤ ድሬዳዋ ራሷ የባቡሩ ልጅ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የመጀመሪያው ኩባንያ በገንዘብ እጦት ወድቆ ሌላ የፈረንሳይና የኢትዮጵያ ኩባንያ ከተተካ በኋላ፣ ሐዲዱ በኤረር በኩል አልፎ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ርዝመቱ ከጅቡቲ 784 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የሐዲዱም ስፋት አንድ ሜትር ነበረ። እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ የኢትዮጵያና የጅቡቲ የጋራ ድርጅት ሆነ።

የዚህ ድርጅት ዋናው ሀብት ምን ነበር ብንል ብዙ ሰው ሐዲዱን፣ ሎኮሞቲቩንና ፉርጎውን ይቈጥራል። የሒሳብ መዝገብም የሚቈጥረው እነርሱን ነው። እኛ ግን በድሬዳዋ ወደሚገኘው ትልቁ የጥገና ቤት እንድትመለከቱ እንሻለን። ብረት የሚቀልጥበት፣ በቶርኖ የሚጠረብበትና የሚበየድበት ክፍል ነበረው። በእንፋሎት ይሠሩ የነበሩት ሎኮሞቲቮች በናፍጣ ሲተኩ ሠራተኛው አዲሱን ሞተር ተማረ። ከዓመታት በኋላ ደግሞ እነዚያ የናፍጣ ሎኮሞቲቮች ራሳቸው አርጅተው መለዋወጫቸው ከገበያ ሲጠፋ፣ ቁራሹን ብረት ለክቶ፣ ቀርጾና ሞርዶ ሥራውን የሚያስቀጥል ባለሙያ በዚያ ቤት ነበረ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በጦርነቱ ጊዜ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ በተቋረጠ ጊዜም እንደ ገና ተጠግኖ ሥራውን ቀጠለ። እንዲህ ያለውን ነገር ከውጭ በገንዘብ ገዝቶ ማምጣት አይቻልም።

አንድ ጡረታ የወጡ የባቡር ሠራተኛ ስለ ጎማ ሲያጫውቱን የሰማነው ከልባችን አልጠፋም። ባቡሩ ሲቆም የብረት ጎማውን በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ያዳምጡ ነበር። ጤነኛ ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀ ግን ድምፁ ይታፈናል። «ይህን ያስተማረኝ ታላቄ ነው፤ ሁለት ዓመት ከጎኑ ቆሜ ሰማሁ፤ ከዚያ በኋላ ነው ጆሮዬ የተከፈተው» አሉን። ለማን እንዳስተማሩት ስንጠይቃቸው ጥቂት ዝም ብለው «ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም ጠርቼ አላስቆምሁ» ሲሉ መለሱ።

ዋና ብቃት ማለት ምን እንደ ሆነ ለመረዳት ከዚህ የተሻለ በር የለም። እ.ኤ.አ. በ1990 ሲ. ኬ. ፕራሃላድ እና ጌሪ ሃሜል የተባሉ ሁለት የሥራ አመራር ምሁራን በሃርቫርድ ቢዝነስ ሪቪው መጽሔት ባወጡት ጽሑፍ ድርጅትን በዛፍ መሰሉት። ለገበያ የሚቀርበው ዕቃ ፍሬውና ቅጠሉ ነው፤ ዛፉን የሚመግበውና የሚያቆመው ግን ከመሬት በታች ያለው ሥር ነው፤ ያም ሥር ዋናው ብቃት ነው። ዋና ብቃት የአንድ ጎበዝ ሠራተኛ ችሎታ አይደለም። ብዙ ሰዎች በጊዜ ብዛት አብረው የተማሩት፣ ክህሎታቸው እርስ በርሱ የተሳሰረበት የጋራ ዕውቀት ነው።

ምሁራኑ ዋና ብቃትን ከሌላው ለመለየት ሦስት መፈተኛ አቅርበዋል። በመጀመሪያ፣ ብቃቱ አንድ ገበያ ብቻ ሳይሆን ብዙ ገበያ ይከፍታል ወይ? ደግሞስ ገዢው በሚያገኘው ጥቅም ላይ ጉልህ ድርሻ አለው ወይ? በመጨረሻም ሌላው በቀላሉ ሊቀዳው ይችላል ወይስ አይችልም? ከሰጧቸው ምሳሌዎች አንዱ የጃፓኑ ሆንዳ ነው። ሆንዳ ሞተር ሳይክልም መኪናም ጀነሬተርም ይሸጣል፤ የሁሉም ሥር ሞተር የመሥራት ብቃቱ ነው። የውሃ መሳቢያም እንደሚሠራ ለኤረሩ ወጣት መንገር አያስፈልገንም፤ ፈትቶ ገጥሞታል።

ይህን ይዘን ከሀገራችን አንድ ማነጻጸሪያ እንጥቀስ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1945 ሲቋቋም አብራሪውም መካኒኩም ሥራ አስኪያጁም ቲ.ደብልዩ.ኤ. ከተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ የመጡ ነበሩ። ነገር ግን ሥልጠና ከመጀመሪያ ጀምሮ ከሥራው ጋር ተያይዞ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ካፒቴን ሆኑ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ደግሞ ኢትዮጵያዊ ዋና ሥራ አስኪያጅ ተሾሙ። ዛሬ አየር መንገዱ መንገደኛና ጭነት ከማጓጓዙም በላይ የሌሎችን ሀገሮች አብራሪዎችና መካኒኮች ያሠለጥናል፤ የሌሎች አየር መንገዶችንም አውሮፕላን ይጠግናል። እንግዲህ የፊተኛው መፈተኛ ይህ ነው፤ ከአንድ ሥር ብዙ ቅርንጫፍ። አውሮፕላኑን ማንም ገንዘብ ያለው ይገዛዋል፤ ሃያና ሠላሳ ዓመት የፈጀውን መማማር ግን የሚሸጥ የለም።

ባቡሩም ሥር ነበረው፤ ሥሩ ግን በቂ ውሃ አላገኘም። የድሬዳዋው ጥገና ቤት የሌሎችን ማሽን እየሠራ፣ ወጣት እያሠለጠነ ወደ ሰፊ ገበያ ሊወጣ የሚችል ኃይል ነበረ፤ ዋና ሐሳቡ ግን እስከ መጨረሻው የራሱን አሮጌ ሎኮሞቲቭ ማስነሣት ሆኖ ቀረ። ይህ የኛ አስተያየት ነው፤ ሌላ የሚያስብ አንባቢ ሊኖር ይችላል። ከዚህ ጋር የብቃት መጓደል ምን ያህል ውድ ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያስታውስ አንድ ቀን አለ። ጥር 5 ቀን 1977 ዓ.ም. በአዋሽ አጠገብ አንድ የመንገደኛ ባቡር በኩርባ ላይ ባለ ድልድይ ከሐዲዱ ወጥቶ ከ400 በላይ ሰዎች ሞቱ። ባቡሩ ለኩርባው በማይመጥን ፍጥነት ይጓዝ እንደ ነበር ተነግሯል። በኤረርም በድሬዳዋም የዚያን ቀን ሐዘን ያልገባበት ሠፈር ማግኘት ያስቸግራል።

በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፈው አገልግሎት ሲቆም፣ ከሠራተኞቹ ብየዳ ቤት የከፈተ አለ፣ ጋራዥ የገባ አለ፣ ጡረታውን ይዞ የተቀመጠም አለ። የእያንዳንዱ ክህሎት በእጁ ቀርቷል። የፈረሰው በመካከላቸው የነበረው ትስስር ነው፤ ማን ማንን ይጠይቅ እንደ ነበር፣ ጎማው ድምፁን ሲያፍን ማን ጋ ይኬድ እንደ ነበር። ብዙ ጊዜ «ባቡሩ ሞተ» ስንል የምናዝነው ለብረቱ ነው። ብረቱ ግን አሁንም በድሬዳዋ ቆሟል፤ ጎብኚዎችም ያዩታል።

አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 25 ቀን 2009 ዓ.ም. ተመረቀ፤ መደበኛ የንግድ አገልግሎቱንም በታኅሣሥ 2010 ዓ.ም. ጀመረ። ሐዲዱ ከአሮጌው የሰፋ፣ 1 ሜትር ከ43.5 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ኃይሉም ከሽቦ የሚመጣ ነው። የሠሩት የቻይና ኩባንያዎች መስመሩን ለስድስት ዓመት እንዲያስተዳድሩ ውል ተገባ፤ ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም ወደ ቻይና፣ ቼንግዱ ወደ ተባለች ከተማ ሳይቀር፣ ለሥልጠና ተላኩ። በ2016 ዓ.ም. አስተዳደሩ ለኢትዮጵያውያንና ለጅቡቲያውያን ተላለፈ። መስመሩን ለመገንባት ከአምስት ዓመት ያልበለጠ ጊዜ በቃ፤ ሥራውን ለመረከብ ግን የንግድ አገልግሎቱ ከተጀመረ በኋላ ሌላ ስድስት ዓመት አስፈለገ። በዚህ አንገረምም። የሚያስገርመው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ባቡር ባየ ሀገር፣ የአሮጌው ባቡር ሰዎችና የአዲሱ ወጣቶች በአንድ ወንበር ተቀምጠው ሲወያዩ ያየንበት አጋጣሚ እጅግ ጥቂት መሆኑ ነው። የናፍጣው ባለሙያ ስለ ኤሌክትሪኩ የሚያስተምረው የለም የሚል ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በክረምት ጎርፍ የሚወርድበትን ደረቅ ወንዝ፣ ከብትና ግመል ሐዲዱን የሚያቋርጥበትን ቦታና ሰዓት፣ ከአርብቶ አደሩ ሽማግሌ ጋር የሚነጋገሩበትን አግባብ የሚያውቀው እርሱ ነው። ይህ ሁሉ የባቡር ሥራ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስለዚህ ምን ታስተምራለች?

ቅዱስ ዳግማዊ ዮሐንስ ጳውሎስ እ.ኤ.አ. በ1981 ላቦሬም ኤክሰርቼንስ በተባለው መልእክታቸው፣ የሥራ ክብር የሚለካው በተሠራው ዕቃ ሳይሆን በሚሠራው ሰው መሆኑን አስተምረዋል። ለትምህርታችን ይበልጥ የሚቀርበው ግን እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው ቼንቴሲሙስ አኑስ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ በዚያ ላይ ከመሬትና ከገንዘብ ሌላ አንድ የሀብት ዓይነት እንዳለ ያሳያሉ፤ እርሱም ዕውቀትና ክህሎት ነው። ሥራ ከሌሎች ጋርና ለሌሎች የሚሠራ መሆኑንም ያክላሉ። በዚያው መልእክት ዕውቀቱን ለማግኘት መንገዱ የተዘጋባቸው ሰዎች ከኅብረተሰቡ ዳር እንደሚጣሉ ያስጠነቅቃሉ። እንግዲህ ክህሎት ሀብት ከሆነ፣ ሀብትን በሚመለከት የምናስተምረው ሁሉ ይመለከተዋል። እህል ደብቆ ጎረቤቱን ያስራበ ሰው እንዲናዘዝ የምንመክር ከሆነ፣ ሙያውን ደብቆ የቀበረውንስ ምን እንለዋለን?

ይህን ጥያቄ ስናነሣ «ሙያ በልብ ነው» የሚለው አባባል ይመጣብናል። አባባሉ መልካም ነው፤ ጉራን ይከለክላል፤ አድርገህ አሳይ እንጂ አትለፍልፍ ይላል። ነገር ግን በየመንደሩ ሌላ ትርጉም ተሰጥቶት ሲሠራበት እናያለን፤ የያዝኸውን አታሳይ፣ ያሳየኸው ይቀማሃል የሚል። አናጢው ልኬቱን ከልጁ ይደብቃል፤ መካኒኩ የሞተሩን ጭንቅላት ሲከፍት ረዳቱን «ሂድ ሻይ አምጣ» ብሎ ይልከዋል። የሙያ መደበቅ አንዱ ምክንያት ረሃብን መፍራት መሆኑን አንዘነጋም። ሌላው ምክንያት ደግሞ የቆየ ነው። ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውንና ሸክላ ሠሪዋን በሥራቸው እየሰደበ የኖረ ኅብረተሰብ፣ ባለሙያዎች ዕውቀታቸውን በቤተሰብ ውስጥ ብቻ እንዲይዙ አድርጓቸዋል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ እስከ መከልከል ደርሰው ነበር። ስድቡ በአዋጅ ብቻ እንዳልጠፋ ግን ሁላችንም እናውቃለን።

ከወተት ሻጮቹ

ዋና ብቃት ለትልቅ ድርጅት ብቻ የሚነገር የሚመስለው አንባቢ ካለ፣ በሲቲና በጅጅጋ አካባቢ የግመል ወተት የሚነግዱትን እናቶች ይመልከት። ወተቱ የሚታለበው ከከተማ ርቆ ነው፤ አየሩ ሞቃት ነው፤ ማቀዝቀዣ የለም። እናቶቹ ዕቃውን በተመረጠ እንጨት ጢስ ያጥኑታል፤ ጢሱ ወተቱ ቶሎ እንዳይበላሽ ይረዳል፤ ደንበኛ የሚወደውን ጣዕምም ይሰጠዋል። ሁሉም በየቀኑ ገበያ አይወርዱም። አንዷ የብዙዎችን ወተት ይዛ ትሄዳለች፤ ሸጣ ለየአንዳንዷ ድርሻዋን ትመልሳለች፤ በሌላ ቀን ተራው የሌላዋ ነው። ብዙዎቹ ማንበብና መጻፍ አልተማሩም፤ ሒሳቡ ግን አይሳሳትም።

ሦስቱን መፈተኛዎች በዚህ ላይ ብናስቀምጥ ምን እናገኛለን? ወተቱ ሳይበላሽ መድረሱ ገዢው ገንዘቡን የሚከፍልበት ዋና ነገር ነው። በመካከላቸው ያለው የመተማመን ሰንሰለት ወተት ብቻ ሳይሆን ቅቤም እንቁላልም፣ ከከተማ ደግሞ ስኳርና ጨርቅ ሊያስተላልፍ ይችላል። መኪና ያለው ነጋዴ ነገ ተነሥቶ ልቅዳው ቢል መኪናው አይጎድለውም፤ የሚያምነው ግን ማን ነው? በሃርቫርድ መጽሔት የተጻፈው ነገር እዚህ በረሃ ላይ በተግባር ይኖራል።

አደጋውም እዚሁ ይታያል። የፕላስቲክ ጀሪካን ቀላልና ርካሽ በመሆኑ የቀድሞውን ዕቃ እየተካ መጥቷል። አፉ ጠባብ ስለ ሆነ በደንብ አይታጠብም፤ እንደ ቀድሞውም ለመታጠን አይመችም። ማንም በክፋት አላደረገውም፤ ሸክምን ለማቅለል ተብሎ የተደረገ ነው። ዳሩ ግን አንድ ማኅበር ብዙ ጊዜ ዋና ብቃቱን የሚያጣው እንዲህ ነው፤ ወጪ የቀነሰ መስሎት ደንበኛው የሚመጣበትን ነገር ራሱ ይጥላል። ቁምስናዎቻችን የገቢ ማስገኛ ሥራ ሲጀምሩም ይህን ስሕተት አይተናል። ጎረቤት የዶሮ እርባታ አትርፏል ሲባል ሁሉም ዶሮ ያመጣል፤ እኛ የምናውቀው ምንድን ነው፣ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው ለምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

ለመምህራን

ወጣቶችን ሰብስባችሁ በዚህ ላይ ስትወያዩ «ሙያህ ምንድን ነው?» ብላችሁ እንዳትጀምሩ እንመክራለን። ለዚህ ጥያቄ መልሱ «ምንም» ነው፤ እኛም የደረሰብን ይኸው ነው። በምትኩ «ባለፈው ሳምንት ሰው ለምን ጉዳይ ወደ አንተ መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ። ሴት ልጆች በዚህ ጥያቄ ከወንዶቹ ይልቅ ረጅም ዝርዝር ሲያወጡ ትመለከታላችሁ፤ የቤት ሥራ ተብሎ የተናቀው ዕቃ ግዥ፣ ሒሳብ፣ የሕፃን ጥበቃና የሕመምተኛ ማስታመም ሁሉ ክህሎት ነውና። ከዚያም ያንኑ ክህሎት ከማን እንደ ተማሩት ይጻፉ። በመጨረሻም ለማን እንዳስተማሩት። በዕድሜ የገፉ ባለሙያ በአካባቢው ካሉ በዚያ ቀን ቢጠሩ ይበልጥ መልካም ነው፤ ንግግር እንዲያደርጉ ሳይሆን ከዕቃቸው ጋር መጥተው እንዲሠሩ፣ ልጆቹም ከጎናቸው ቆመው እንዲያዩ።

ከኤረሩ ወጣት ጋር ይህንኑ ሞክረን ነበር። የሒሳብ ደብተሩን ገልብጦ በጀርባው ሦስት መስመር አሰመረ። የመጀመሪያው ዓምድ ገጹን ሞልቶ ወደ ሁለተኛው ገጽ ተሻገረ፤ እርሱም ራሱ ሳቀ። በሁለተኛው ዓምድ የአጎቱን፣ የአንዲት ፍራፍሬ ነጋዴንና የአንድ ጋራዥ ባለቤትን ስም ጻፈ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ ነበር። እስክሪብቶውን እንደ ያዘ ቆይቶ የታናሽ ወንድሙን ስም ከሞተሩ ትይዩ አሰፈረና ደብተሩን አጠፈው፤ የውሃ መሳቢያ የተበላሸበት አንድ ሰው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀው ነበር።